ለፈዬራ የተሰጠው ሽጉጥ

አዳማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሚኪያስ ዲበኩሉ፣ ሊዬዥ፣ ቤልጅየም

የጌታ ሰላም በቤትህ ላይ ይረፍ። አንተና ባለቤትህ ጂቱ እንደምን ናችሁ? እዚያ ብርዱ ሳይጀምር አይቀርም፤ ደረትህን ሸፍን። እኔና ልጄ ሌንሳ በምሕረቱ አለን። ትምህርት ቤቱ ሌላ ክፍል ጨምሮባት ደክማ ነው የምትገባው፤ ቢሆንም ሰላምታዬን አድርሽልኝ ብላለች።

ደብዳቤ መላኬ እንዳያስደነግጥህ። በስልክ የማይወራ ጉዳይ ስላለብኝ ነው። ኤሱማህ፣ የእናትህ ወንድም ሰንበታ፣ ካረፈ ወዲህ የሰበሰበው ብረት ሁሉ እኔ ላይ ቀርቷል። ባሌን ታውቀዋለህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሞጆ ላይ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ ይከርምና፣ ቅዳሜ ሲሆን አንዴ አዳሚ ቱሉ፣ አንዴ መቂ፣ አንዴ አሰላ እየሄደ የሟች ሽጉጥ፣ የሹም ጎራዴ፣ የሽልማት ሰዓት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ሌላው ባል ቅዳሜ ኳስ ያያል፤ የእኔው ዝገት ያያል።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሽጉጦች፣ እጀታው ብር የሆነ ጎራዴ፣ አንድ የኪስ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሽማግሌው» አለ። ሽማግሌው የምንለውን መቼም አልረሳኸውም። የሰንበታ ቅድመ አያት ፈዬራ አንድ ፈረንጅ ነጋዴ ከአዋሽ ሙላት ጎትቶ አውጥቶ የተሸለመው፣ በብር ያጌጠው ሽጉጥ ነው።

ሰንበታ በሕይወት እያለ ፈቃድ ነበረው። ፈቃዱ ግን በስሙ ነበርና ከእሱ ጋር አብሮ ሞተ። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ በሟች ስም የተመዘገበ መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀርቦ እንዲያስታውቅ ተነገረ። እጄን ላነሣ ስል ጎረቤቴ በላይነሽ ጉልበቴን ያዘችኝ። «ዝም በይ አንቺ! መሣሪያ ያለው ሰው ወዴት እንደተወሰደ አላየሽም?» አለችኝ። ከቤታችን ኋላ የሚኖረው ሰውዬ ቤቱ ተፈትሾ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተገኘበት ተብሎ ከሄደ እስካሁን አልተመለሰም። ሌላ ነገር ይኑርበት አይኑርበት እኔ አላውቅም። ሚስቱ ግን የማንም በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ትወጣለች።

እኔም ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ወደ ዕቃ ቤት፣ ከዕቃ ቤት ወደ ሶፋው ኋላ እያዞርኩ ነው። ልስጥ? ልደብቅ? ይህን ነገር ከሰንበታ ቀጥሎ የምታውቀው አንተ ነህና ምከረኝ። ቶሎ ጻፍልኝ።

የእጅህን ሥራ ጌታ ያቅናልህ።

በእናትህ ቦታ ሆኜ ያሳደግሁህ
ዘርፉ


ሊዬዥ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ ዘርፉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደም ግፊትዎ እንዴት ነው? ጂቱ እጅ ነሥታለች። እኔ ያው እዚያው የድሮ መሣሪያ የሚታደስበት ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። ሰብሳቢዎች የአያቶቻቸውን ሽጉጥ ያመጣሉ፤ እኔ የተፋቀውን ቅርጽ መልሼ እቀርጻለሁ። ለራሴም ጥቂት ገዝቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ኤሱማ ቢያይልኝ ስንት ነገር ይለኝ ነበር!

እትዬ፣ እባክዎ ሽማግሌውን ለማንም እንዳይሰጡ። ሌሎቹን እንደፈለጉ። ቢያስረክቡት ማን ምን እንደሆነ ያውቅለታል? ከተያዘ ክላሽ ጋር አንድ ላይ ይከመርና ዝገት ይበላዋል። እሱ መሣሪያ አይደለም፤ ቅርስ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከብረቱ ጎን ላይ በእንቁላል ቅርጽ የተከበቡ የላቲን ፊደላት አይቼ ነበር። በዚህ በምኖርበት ከተማ የተሠራ መሣሪያ ተፈትኖ ሲያልፍ የሚመታበት ማኅተም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንደዚያ ከሆነ ሽጉጡ የተሠራው እኔ በየቀኑ በእግሬ ከማልፍባቸው ሠፈሮች በአንዱ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው። ፎቶ ቤት ወስደው እንዳያስነሡት፤ ሰው ያያል። ስስ ወረቀት በጽሑፉና በማኅተሙ ላይ ያድርጉና በእርሳስ በቀስታ ያሹት፤ ቅርጹ ራሱ ይወጣል። ቀጥሎ የአፈሙዙን ርዝመት በውጭ በኩል በሜትር ይለኩልኝ። በውስጥ በኩል ደግሞ ቀጭን ሽቦ እስከ መጨረሻው አስገብተው ጥልቀቱን ይለኩ። መዝገብ ሲሠራለት ይፈለጋል።

በስልክ ስንገናኝ «ሽማግሌው» ካሉኝ ይገባኛል። ሌላ ስም አንጥራ። አይፍሩ እትዬ። ይህን ያህል ዘመን የተቀመጠ ዕቃ ጥቂት ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም።

እግዚአብሔር በጥላው ይጋርድዎ።

አክባሪዎ
ሚኪያስ


አዳማ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ ለሚኪያስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ጌታ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ደም ግፊቴ አንተ «አይፍሩ» ስላልክ አልወረደም።

ያልከውን አድርገናል። መጋረጃውን ዘግተን፣ በሩን ቆልፈን፣ ሌንሳ የሰንደዊች መጠቅለያ ወረቀት ላይ በተማሪዎቿ እርሳስ አሸችው። ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ወጣ፤ «ለፈዬራ፡ ከአዋሽ፡ ላወጣኝ»። «ላ» የምትለዋ ፊደል እግሯ በተሳሳተ ወገን ነው የረዘመው። የቀረጸው ፈረንጅ ፊደሉን ሳያውቀው ገልብጦ ይሆናል ብላ ሌንሳ ሳቀች። ባሏን ከቀበርን ወዲህ... ይቅርታ፣ አባቷን ከቀበርን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔም ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኛል።

ርዝመቱ በውጭ ሃያ ሁለት ሳንቲም ነው። በውስጥ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ከትቼ ስለካው አሥራ ሰባት ተኩል ሆነ። ሁለቴ ለካሁት። ዕድፍ ይዞት ይሆን?

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። ሐሙስ ዕለት ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው በሬ ላይ መጣ። «የጋሽ ሰንበታ ቤት ይህ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «የብሩን ሽጉጥ የምትሸጡ ከሆነ ገዢ አለኝ፤ ያለ ማንም ጣጣ እወስደዋለሁ።» ተሳስተሃል፣ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ ዘጋሁበት። የብሩን ሽጉጥ አለ እኮ ሚኪያስ! ስለ ብሩ ማን ነገረው? ከእኔ፣ ከአንተና ከሌንሳ፣ ከዚያም ከሰንበታ ወንድም ከገመዳ በቀር ስለ እሱ የሚያውቅ ሰው የለም። አንተ ለማንም አላወራህም አይደል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ ሲጮህ እነሣለሁ። ሌንሳ ምነው እማዬ ስትለኝ ሽንቴ መጣ እላለሁ።

ምን እንዳሰብክ ፈጥነህ አሳውቀኝ። ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ።

ዘርፉ


ሊዬዥ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘርፉ፣

ሰላምታዬ ከልቤ ነው። ወረቀቱ ደርሶኛል። ማኅተሙ የገመትኩት ነው! የዚህ ከተማ ነው! ጽሑፉንስ ምን ልበልዎት፤ ያቺ የተሳሳተች «ላ» ከወርቅ ትበልጣለች። ሠሪው ፊደሉን ሳያውቅ፣ አንድ ከሞት የተረፈ ሰው ጽፎ የሰጠውን ብጣሽ እያየ መስመር በመስመር ገልብጧል ማለት ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ለማገኘው ሰው ሁሉ እያሳየሁት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ የአንዱ ወንድም ለፈረንጆች ገና ወደ ሞጆ ይመጣል። ታማኝ ነው። ሽማግሌውን ብረቱን ለብቻ እንጨቱን ለብቻ አድርገው ቢፈቱት፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣው ይዞልኝ ይመለሳል። እርስዎም ከጭንቀት ያርፋሉ፤ እሱም ከሚያውቀው ሰው እጅ ይገባል። እዚህ በመስታወት ውስጥ፣ በዘይት፣ በክብር ይቀመጣል። ኤሱማ ራሱ ከዚህ የተሻለ አይመኝለትም። ሰውዬው ሲደርስ ይደውልልዎታል፤ «የሽማግሌውን መድኃኒት ልውሰድ» ይልዎታል።

እባክዎ እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ሚኪያስ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚኪያስ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

ልጄ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን አልክ፤ ሰጠሁህ። ቀጥሎ ልኩን አልክ፤ ለካሁልህ። አሁን ራሱን አልክ። ሐሙስ የመጣውን ሰው ማን ላከው ብዬ ለጠየቅሁህ ግን አንዲት ቃል አልመለስክም። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ የለም።

እኔ የጉምሩክ አስተላላፊ ሚስት ነኝ። በበርበሬ ውስጥ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ ገበታ ላይ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ያ ምስኪን ቦሌ ላይ ተይዞ «ማን ሰጠህ?» ሲባል የማንን ስም ሊጠራ ነው? የእኔን። ያንተን ደግሞ እኔ አልጠራም፤ ስለዚህ እዚያው እቀራለሁ ማለት ነው። አይሆንም። ሰውዬው ደውሎ ነበር፤ መድኃኒቱ አልቋል አልኩት።

ለነገሩ ሽማግሌው እኔ ጋ የለም። ገመዳ የጤፍ ማዳበሪያ ጭኖ ከሁሩታ መጥቶ ነበር። ጭንቀቴን ሲያይ «እትዬ፣ የቅድመ አያቴን ዕቃ ለእኔ ስጪኝ፤ ጎተራ ውስጥ ማን ይፈልገዋል» አለና በአንዱ ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ሌሎቹ እዚሁ ናቸው። ከሄደ ወዲህ ትንሽ እንቅልፍ ወስዶኛል።

የምሥራችም አለ። ሶረቲ፣ የገመዳ ልጅ፣ እሁድ ጥር 18 ትዳራለች። እኔ ከሐሙስ ጀምሬ እዚያ ነኝ፤ ሥራው ብዙ ነው። ገመዳማ ደስታውን አልቻለውም። ሙሽራው ከበር ሲደርስ የፈዬራን ሽጉጥ አንዴ ለማሰማት አስቧል። ለጩኸቱ ያህል ነው፣ ባሩዱን አንድ አዳኝ ሰጥቶኛል ይላል። እኔ ተው ብዬዋለሁ፤ ሰው ይሰማል፣ ሚሊሻ ይመጣል። እሱ ግን ይስቃል።

ስለ ሰውዬው መልስ እጠብቃለሁ።

ዘርፉ


ሊዬዥ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

እትዬ ዘርፉ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሁሉም ነገር አልፎ ይሆናል። ሆኖም ካልጻፍኩ አእምሮዬን እስታለሁ። አሁን በስልክ ተነጋግረን ተቋረጠብን። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደደወልኩ አላውቅም፤ አይገባም። የኤሱማ ገመዳም አይገባም። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ። «ለማሰማት» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የተቆጣሁት ለሽጉጡ ነው፤ እውነቱን ልናገር። እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ብሩ ይጠቁራል ብዬ። ስንት ባሩድ ይችል ይሆን ብዬ የላኩልኝን ልክ ፈልጌ አወጣሁ። በውጭ ሃያ ሁለት፣ በውስጥ አሥራ ሰባት ተኩል። ያን ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከኋላ በኩል ጫፉ የሚደፈንበት ብረት ቢበዛ አንድ ሁለት ሳንቲም ነው። የቀረው ቦታ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ባሩድና የእርሳስ ጥይት ነው፤ ከፈዬራ ዘመን ጀምሮ እዚያው ያለ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ከፊት በአፉ ነው የሚጎርሰው፤ የጎረሰ መሆኑ ከውጭ አይታይም። በዚያ ላይ አዲስ ባሩድ ተጨምሮ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። እጅ ብቻ አይደለም የሚወስደው።

ልኩ እኔ ዘንድ ከመጣ ከወር በላይ ሆኖታል። ይህን ማወቅ ነው ሥራዬ። ያቺን የተሳሳተች «ላ» እያየሁ ቁጥሩን አላየሁትም።

ስለ ጥቁር መነጽሩ ሰውዬ፤ የሰብሳቢዎች ገጽ ላይ ኢንተርኔት ውስጥ ስለ ሽማግሌው ጽፌ ነበር። አዳማ ነው ያለው ብዬ። ኤሱማን በስሙ ጠርቼዋለሁ። ክፉ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ አጥፍቼዋለሁ።

ጂቱ አጠገቤ ተንበርክካ ትጸልያለች። እኔ ስልኩን እደውላለሁ።

ሚኪያስ


ሊዬዥ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሌንሳን አንዴ አገኘኋት። «እናቴ በሕይወት አለች፤ አሁን ማውራት አልችልም፤ አትደውል» አለችኝና ዘጋችው። ኤሱማ ገመዳስ? ሶረቲስ? አትደውል ስለተባልኩ አልደወልኩም። በሕይወት አለች ሲባል ምን ማለት ነው? ሆስፒታል ነዎት? ሌላ ቦታ ነዎት?

ባለፈው ስለ ሽጉጡ የጠየቅሁትን ሁሉ ይርሱልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ሚኪያስ


አዳማ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚኪያስና ለጂቱ፣

በሁሉ ነገር መካከል እጁን ያልሰበሰበ አምላክ ስሙ ይባረክ። ቤቴ ገብቻለሁ። ገመዳም በሁለት እጁ፣ በዐሥር ጣቱ እርሻው ላይ ነው። ስላስጨነቅሁህ ይቅርታ፤ ስልካችን ተይዞ ነበር፣ ሌንሳንም ጉዳዩ እስኪያልቅ ከማንም ጋር እንዳታወራ ነግረዋት ነበር። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ያን ቅዳሜ ስትደውል ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ እኔ የወጥ ድስት እከድናለሁ። «እትዬ፣ ሽማግሌው ጎርሷል!» አልከኝ። «ሁሉም ጎርሷል ልጄ፣ ምግቡ ተርፏል፣ ተመስገን» አልኩህ። «አይደለም! ሽማግሌው! አፉ ውስጥ አለ!» ስትል የገመዳ አማት አቶ ምልኬሳ ትዝ አሉኝ። ጥርስ የላቸውም፤ ሥጋ አነቃቸው ብዬ ዞር ብዬ አየኋቸው። አንተ ሊዬዥ ሆነህ እንዴት ልታያቸው እንደምትችል እንኳ አላሰብኩም። ደህና ሆነው ይስቃሉ።

ከዚያ ጮህክ። «ሽጉጡ! ሽጉጡ ጥይት ጎርሷል! እጁ ላይ ይፈነዳል! ውሃ ውስጥ ክተቱት!» ያን ስም በስልክ ስትጠራው ክው አልኩ። ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ኖረን ስሙን የጠራኸው የሰው ነፍስ ቢሆንብህ ነው ብዬ ክዳኑን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ገመዳን ከጓሮ ጎተራው ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ሁለት ጓደኞቹ አብረውት ተቀምጠዋል። ሽጉጡ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ባሩዱ በላስቲክ ተቋጥሮ አጠገቡ አለ።

«ገመዳ፣ ያን ነገር አስቀምጠው» አልኩት።

«ምነው እትዬ? ለነገ እያዘጋጀሁት ነው።»

«ጎርሷል። ውስጡ ጥይት አለ።»

«ማን አጉርሶት? ሰንበታ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ሲወለውለው ነው የኖረው።»

«ሚኪያስ ነው የነገረኝ፤ አሁን ደውሎ።»

ሳቀ። «ሚኪያስማ እንዳይተኮስ ይፈልጋል፤ ለራሱ ስለሚመኘው ነው።» እውነቱን ነው፤ አትቀየም። ከዚያ ጃንጥላዬ ትዝ አለኝ። ከአጥሩ ላይ ሽቦ ጠምዝዤ አወጣሁና «ያዘው፣ አታንቀሳቅሰው» ብዬ በአፈሙዙ አስገባሁት። እስከቆመበት ድረስ በጣቴ ያዝኩ። አውጥቼ በውጭ በኩል ብረቱ ላይ አስተኛሁት። ሦስት ጣት የሚያህል ጎደለ። አንደኛው ጓደኛው ተነሥቶ ሄደ። ሁለተኛው ላስቲኩን አንሥቶ ወደ ኋላ አለ።

ገመዳ ግን «ዝገት ይሆናል» አለ።

«ሶረቲን ከእናቷ የተቀበልኳት በዚህ እጄ ነው» አልኩት። ታውቃለህ፤ ያን ጊዜ ሁሩታ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበርኩ። «ነገ በሠርጓ ቀን አንተን በዚሁ እጅ አልገንዝም። ስጠኝ።»

ሽቦውን አየ፣ ሽጉጡን አየ። ከዚያ በሰደፉ በኩል አዙሮ ሰጠኝ። አፉ ወደ ገመዳ ዞሮ እንዳየሁ ጮህኩ፤ «ወደ ጎን! ወደ ግድግዳው!» አለማወቅ እንዲህ ነው። ከብት የሚጠጣበት ባልዲ አጠገቤ ነበር፤ ሙሉውን ነከርኩት። ገመዳ «ወይኔ የአያቴ ብር!» ብሎ ራሱን ያዘ። እስከ ማግስቱ አላናገረኝም። ሠርጉ ያለ ተኩስ አለፈ፤ አንድም ሰው ምነው ብሎ አልጠየቀም። ሶረቲ አምራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገመዳ ይደበቅ አለ። እኔ በቃኝ አልኩ። መደበቁ ነው እዚህ ያደረሰን። ባልዲውን በጨርቅ ሸፍኜ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ፤ ገመዳ እያጉረመረመ ከጎኔ ገባ። የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ እያየ «ዓሣ ነው?» አለኝ። «ዓሣ ነው» አልኩት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። «ታዲያ ፖሊስ ጣቢያ ምን ያደርጋል?» ሲል ገመዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ጣቢያው ውስጥ ገላኔ የምትባል ወጣት መኮንን ተቀበለችን። ጨርቁን አነሣች።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እማማ?»

«ሽጉጥ ነው ልጄ፤ ጎርሷል። እንዳትነኪው።»

ክፍሉ ባንዴ ባዶ ሆነ። እኔና ባልዲው ቀረን።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገርህ፤ ስጽፈው እጄ ይደክማል። ለምን ተደበቀ? ከአዳማ ለምን መጣ? ሌላ የት አለ? ማን ሊገዛው ነበር? የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ መነጽራሙም ሰውዬ፣ ስለ አንተም። አልዋሸሁልህም፤ ልትቀየመኝ ትችላለህ። እኔን ወደ ሴቶቹ፣ ገመዳን ወደ ወንዶቹ ወሰዱን። ቤቴ ሌንሳ ባለችበት ተፈተሸ፤ ሳጥኑ ተጫነ። በላይነሽ ጉልበቴን የያዘችበትን እጅ እየረገመች ከአዳማ ድረስ ምግብ ስታመላልስ ከረመች። ሌሊት ሌሊት በታሰሩት ሴቶች መካከል ተኝቼ «ምን አደረግሁ? ቤቴ በሰላም ተቀምጬ...» እል ነበር። ሰላም እንዳልነበረኝ ደግሞ አስታውሳለሁ።

አንድ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ባለሙያ አመጡ። ሽጉጡን ከፈተው። የእርሳስ ጥይቱ ወጣ፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላው ያለው ባሩድ ከዳር ዳር ርሷል፤ መሐሉን ግን ውሃ አልደረሰበትም ነበር። ሰውዬው ቁንጥር አድርጎ በድንጋይ ላይ ክብሪት ጫረበት። ቡፍ ብሎ ነደደ! ገመዳ በመስኮት ያይ ነበር። ቁጭ አለ።

ራሳችን ስላመጣነው በማስጠንቀቂያ ለቀቁን። ሽጉጦቹ ሁሉ ወደ ባህል ቢሮ ሄዱ፤ ቅርስ ናቸው ተብሏል፣ ስማችንም ተመዝግቧል። ጎራዴውና ሰዓቱ ተመለሱልን። ሽማግሌውን ከእንግዲህ አንተም እኔም አናገኘውም። መነጽራሙንም ይፈልጉታል፤ አንተንም በደብዳቤ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ እውነቱን ጻፍላቸው።

አሁን ደህና ነኝ ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም። ሰንበታ እራት በልተን ስናበቃ ያን ሽጉጥ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጨርቅ በዘይት ነክሮ ሲያሸው ያመሻል። ሰደፉ ወደ እሱ፣ አፉ ወደ ውጭ። ስንት ዓመት! እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር።

ጂቱን ሳምልኝ።

ዘርፉ


ሊዬዥ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘርፉ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት። እውነቱን ስለተናገሩ እንዴት እቀየማለሁ? ለፖሊስ የሚላከውን መልስ ጽፌያለሁ፤ ገጹ ላይ ያወጣሁትንም ቅጂ አያይዤ ልኬላቸዋለሁ። ኤሱማ ገመዳን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ «ለራሱ ስለሚመኘው ነው» ያለው ልክ ነበር።

መጨረሻ ላይ ስለ ኤሱማ የጻፉትን ለጂቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከዚያ ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አወረድኳቸውና በሽቦ ለካኋቸው፤ መጀመሪያ በውስጥ፣ ቀጥሎ በውጭ። ደግሜም ለካሁ። ሁሉም ባዶ ናቸው እትዬ፤ አንዱም አልጎረሰም።

መልሼ ልሰቅላቸው ስል ጂቱ አፋቸው በሚዞርበት ሶፋ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ባዶ መሆናቸውን አሁን በእጄ ለክቻለሁ። ቢሆንም «እስኪ ተነሺ፣ ወዲህ ነይ» አልኳት።

ልጅዎ
ሚኪያስ